በቤተሰብ ውስጥ የጉበት ካንሰር ካለ፦ የትኛውን ምርመራ ማስቀደም ይሻላል?

«አባቴ የሞተው በጉበት ካንሰር ነው። አጎቴም እንደዚያው። የዘረመል ምርመራ ላድርግ?»

ይህን የሚጠይቅ ሰው በልቡ አንድ ነገር አስቀድሞ ወስኗል፤ በሽታው በዘር እንደመጣ። ገበያውም ይህንኑ ያጸናለታል። በምራቅ የሚሠራ ኪት አለ፣ አንድ ዘረመል ብቻ የሚያይ ምርመራ አለ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ዘረመል የሚያነብ ጥቅል አለ፣ «የተጋላጭነት ነጥብ» የሚያወጣም አለ። ሁሉም ስለ ዘረመል ልዩነት ያወራሉ፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ለየቅል ነው።

እኔ ምርመራዎቹን የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ውጤቱ ሲመጣ ምን ይቀየራል? «አለብህ» ቢለኝ የማደርገውና «የለብህም» ቢለኝ የማደርገው አንድ ከሆነ፣ ምርመራው የቱንም ያህል ቢረቅ ተራው ኋላ ነው። በዚህ ጥያቄ ሲመዘኑ የምርመራዎቹ ቅደም ተከተል ብዙ ሰው ከሚገምተው ተገልብጦ ይገኛል። ከታች የተደረደሩት በዚያ ተገላቢጦሽ ነው።

ቤተሰብ የሚወርሰው ዘረመል ብቻ አይደለም

በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው በጉበት ካንሰር ሲታመም፣ ብዙ ጊዜ የተወረሰው ቫይረስ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ካለባት እናት በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ ይተላለፋል። ቫይረሱ አዋቂን ሲይዝ ሥር የሚሰድበት ከ100 ሰው ከ5 ባነሱት ላይ ነው፤ በተወለደ ሰሞን ከተያዙ ሕፃናት ግን ከ10ሩ 9ኙ ይዘውት ይኖራሉ። ከአንዲት እናት የተወለዱ አራት ልጆች ምንም ሳይሰማቸው 40 ዓመት ከቫይረሱ ጋር ኖረው፣ ከዚያ ሁለቱ ተከታትለው ቢታመሙ፣ ከውጭ ለሚያይ የዘር በሽታ መምሰሉ አይቀርም። ዘረመልን መክሰስ እዚህ ላይ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሆናል።

ይህ ቫይረስ ሌላም ጠባይ አለው። የራሱን ዲኤንኤ በጉበት ሴል ዲኤንኤ መሃል ሰንቅሮ ስለሚያስገባ፣ ጉበቱ በጠባሳ ሳይጠነክር፣ ማለትም ሲሮሲስ ሳይደርስ፣ ካንሰር ሊያስነሳ ይችላል። ሄፓታይተስ ሲ ግን በአብዛኛው ካንሰር የሚያመጣው ጉበቱን ለዓመታት ካቆሰለና ካጠነከረ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸው ሰዎች 254 ሚሊዮን፣ ሄፓታይተስ ሲ ያለባቸው 50 ሚሊዮን ናቸው።

ቤተሰብ ኑሮም ይጋራል፤ አንድ ማዕድ፣ አንድ ጎተራ፣ አንድ ዓይነት የመጠጥ ልማድ። በእህልና በለውዝ ላይ የሚያድግ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የታወቀ የጉበት ካንሰር መንስኤ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሻንጋይ ወንዶች ላይ የተሠራ ጥናት የሽንት ናሙናቸውን መርምሮ ነበር። አፍላቶክሲን ብቻ የተገኘባቸው ለካንሰሩ ያላቸው ተጋላጭነት በ3 እጥፍ ገደማ፣ ሄፓታይተስ ቢ ብቻ ያለባቸው በ7 እጥፍ ገደማ ጨምሯል። ሁለቱም ያለባቸውስ? 60 እጥፍ ገደማ። 3ና 7 ቢደመሩ 10፣ ቢባዙ 21 ናቸው፤ 60 የሆነው ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚተጋገዙ ነው። ከዘረመል ልዩነቶችም ብዙዎቹ ጠባያቸው ይህንን ይመስላል፤ ብቻቸውን ብዙም አይሠሩም፣ አጋዥ ሲያገኙ ግን ይበረታሉ።

በዘር የሚወረሱት ልዩነቶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚገኙ፣ ሲገኙ ግን ጉበትን በግልጽ የሚጎዱ ናቸው፤ ብረት የሚያከማቸው ሄሞክሮማቶሲስ አንዱ ነው። ሁለተኞቹ ብዙ ሰው ላይ ያሉ፣ እያንዳንዳቸው ግን የሚጨምሩት ጥቂት የሆኑ ናቸው። ከነዚህ ውጭ፣ ጨርሶ የማይወረስ ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ በዕጢው ውስጥ ብቻ የተፈጠረ ለውጥ። የአባትዎ የዕጢ ምርመራ ወረቀት ላይ «ቲፒ53» ወይም «ቴርት» የሚል ለውጥ ተጽፎ ካዩ አይደንግጡ፤ እነዚህ በጉበት ካንሰር ዕጢ ውስጥ በብዛት የሚገኙ፣ ሰውየው ሲወለድ ያልነበሩ፣ ለልጅም የማይተላለፉ ለውጦች ናቸው። እንዲያውም በቲፒ53 ላይ 249ኛው ቦታ የሚታየው ለውጥ አፍላቶክሲን ትቶት የሚሄደው አሻራ መሆኑ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል።

አንደኛ ምርጫ፦ ዘረመል የማይነኩት ርካሽ ምርመራዎች

የዘረመል መመሪያ ሊያነብ ለመጣ ሰው ይህ እንደ ማታለል ሊመስለው ይችላል። ግን ቤተሰቡ ውስጥ የጉበት ካንሰር ያለበት ሰው የመጀመሪያውን ገንዘብ ማውጣት ያለበት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ሙሉ የሚሆነው ሦስት ነገር ሲታይ ነው፦ የቫይረሱ የላይኛው ሽፋን ፕሮቲን (አሁን ቫይረሱ አለ ወይ?)፣ የውስጠኛው ክፍል ፀረ እንግዳ አካል (ከዚህ በፊት ተይዘዋል ወይ?)፣ የሽፋኑ ፀረ እንግዳ አካል (መከላከያ አለዎት ወይ?)። ብዙ ቦታ የመጀመሪያውን ብቻ ሠርተው «ነጻ ነህ» ይላሉ። ሦስቱንም ይጠይቁ። ውጤቱ ሁሉም አሉታዊ ከሆነ ክትባት ይወስዳሉ፤ ቫይረሱ ካለ ክትትል ይጀምራሉ፣ ካስፈለገም መድኃኒት። የትኛውም መልስ ቢመጣ የሚደረግ ነገር አለ ማለት ነው።

ሄፓታይተስ ሲ መጀመሪያ በፀረ እንግዳ አካል ይፈተሻል፤ እሱ ከተገኘ የቫይረሱ አርኤንኤ በደም ውስጥ መኖሩ ይረጋገጣል። ካለ በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚወሰድ እንክብል ከ100 ሰው ከ95 በላዩ ይድናል። እዚህ ላይ አንድ የቃል ወጥመድ አለ። ሐኪሙ «ጂኖታይፕ 4 ነው» ቢል የሚያወራው ስለ ቫይረሱ ዘረመል እንጂ ስለ እርስዎ አይደለም። ያንን ወረቀት የራሱ የዘረመል ውጤት መስሎት ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ጥቂት አይደለም።

ከዚያ የጉበቱ ሁኔታ ይለካል። ለዚህ ፊብ4 የሚባል፣ ተራ የደም ምርመራ ወረቀት ላይ ባሉ ቁጥሮች ብቻ የሚሠራ ስሌት አለ። ዕድሜን በኤኤስቲ ያባዛሉ፤ ያንን ለፕላትሌትና ለኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ብዜት ያካፍላሉ (ኤኤስቲና ኤኤልቲ የጉበት ኤንዛይሞች ናቸው፤ ፕላትሌት ደም የሚያረጋው የደም ሴል ቁጥር ነው)። ለምሳሌ ዕድሜ 52፣ ኤኤስቲ 48፣ ኤኤልቲ 36፣ ፕላትሌት 160 ቢሆን፦ 52 ሲባዛ በ48፣ 2496 ይመጣል። የ36 ስኩዌር ሩት 6 ነው፤ 160 ሲባዛ በ6፣ 960። 2496 ለ960 ሲካፈል 2.6። ከ1.3 በታች ቢሆን ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነበር፤ ከ2.67 በላይ ቢሆን ጠባሳ በብርቱ ይጠረጠር ነበር። 2.6 መሃል ላይ፣ ያውም ከላይኛው ጫፍ አጠገብ ስለሆነ፣ ቀጣዩ እርምጃ የጉበትን ጥንካሬ በሞገድ የሚለካው ኢላስቶግራፊ ነው። ልብ ይበሉ፣ በዚህ ምሳሌ ኤኤልቲው 36 ብቻ ነው፤ ብዙ ላብራቶሪ «ጤናማ» ብሎ የሚያልፈው ቁጥር። ስሌቱ ግን ከ35 ዓመት በታች ላሉ ብዙም አይታመንም፤ ከ65 በላይ ለሆኑ ደግሞ የታችኛው መስመር ከ1.3 ወደ 2 ከፍ ይላል።

ሲሮሲስ ከተገኘ ዘረመልዎ ምንም ይሁን ምን በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ፣ ብዙ ጊዜም ከአልፋ ፌቶፕሮቲን የደም ምርመራ ጋር ይደረጋል። ሁለቱን ማጣመሩ ትርጉም አለው፦ ገና በጅምር ያለን ዕጢ አልትራሳውንድ ብቻውን የሚያገኘው ከግማሽ በታች ሲሆን፣ የደሙ ምርመራ ሲጨመር 60 በመቶን ያልፋል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበትና በቤተሰቡ የጉበት ካንሰር የታየበት ሰውም ሲሮሲስ ባይኖረው እንኳ ለዚህ ክትትል ይታጫል። የቤተሰብ ታሪክ ያለ ምንም የዘረመል ምርመራ ውሳኔ የሚቀይርበት ቦታ ይህ ነው።

ሁለተኛ ምርጫ፦ የአንድ ዘረመል ምርመራ

ይህ በእኔ ግምት ከዘረመል ምርመራዎች ሁሉ ለዋጋው የሚመጥን ነው፤ ግን ፍንጭ ሲኖር ብቻ።

ሄሞክሮማቶሲስን እንውሰድ። ኤችኤፍኢ የሚባለው ዘረመል የታወቀው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ሲ282ዋይ የተሰኘውን ልዩነት ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው አንጀቱ ከሚገባው በላይ ብረት ይቀበላል፤ ትርፉ ጉበት ውስጥ ይከማቻል። በብሪታንያ ባዮባንክ፣ ማለትም በብዙ ሰዎች የጤናና የዘረመል መረጃ ክምችት፣ ላይ ተመሥርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሰላው፣ ሁለቱንም ቅጂ የያዙ ወንዶች እስከ 75 ዓመታቸው በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 7.2 በመቶ ሲሆን፣ ልዩነቱ የሌለባቸው ወንዶች 0.6 በመቶ ነው። በሴቶቹ ላይ እንዲህ ያለ ጭማሪ አልታየም፤ የወር አበባና ወሊድ ብረትን ከሰውነት ስለሚያስወጡ ክምችቱ በሴቶች ዘግይቶ የሚመጣ መሆኑ የታወቀ ነው።

ይህን ምርመራ የምወድለት ምክንያት መልሱ ሥራ ያለው መሆኑ ነው። ሕክምናው ደም መቅዳት ነው፤ መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ግማሽ ሊትር ገደማ፣ ብረቱ ሲቀንስ በዓመት ጥቂት ጊዜ። ሲሮሲስ ሳይደርስ የተጀመረ እንደሆነ ጉበቱን ያተርፋል።

ነገር ግን ከዘረመሉ በፊት ፌሪቲንና ትራንስፈሪን ሳቹሬሽን የሚባሉትን የብረት ምርመራዎች ያሠሩ። ሳቹሬሽኑ ከ45 በመቶ በታች፣ ፌሪቲኑም መጠነኛ ከሆነ፣ በአብዛኛው ዘረመሉን መፈለግ አያስፈልግም። ልዩነቱ በብዛት የሚገኘው በሰሜን አውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው፤ በአንዳንድ አገሮቻቸው ከ200 ሰው አንዱ ያህል ሁለቱንም ቅጂ ይዟል። አፍሪካዊ ወይም እስያዊ ዝርያ ባላቸው ዘንድ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለነሱ «ኤችኤፍኢ አልተገኘም» ማለት «ብረት አልተከማቸም» ማለት አይደለም፤ ብረት በሌላ መንገድም ይከማቻል። ሌላው የተለመደ ስህተት ኤች63ዲ የሚባለው ልዩነት ነው። ወረቀቱ ላይ «ተገኝቷል» ተብሎ በደማቁ ይጻፋል፤ ብቻውን ግን እምብዛም የሚያመጣው ነገር የለም።

አልፋ 1 አንቲትሪፕሲን ጉድለትም እንዲሁ ነው። ዜድ የሚባለውን ቅጂ ከሁለቱም ወላጅ የወረሰ ሰው ጉበቱ የሚሠራው ፕሮቲን ቅርጹ ይበላሽና ከሴሉ መውጣት ያቅተዋል፤ ጉበት ውስጥ ሲጠራቀም ጉበቱን፣ ሳንባ ሳይደርስ ሲቀር ሳንባውን ይጎዳል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ ገና ሳያረጅ ትንፋሽ እያጠረው፣ ሌላው በጉበት የሚታመም ከሆነ ይህን ይጠርጥሩ። የፕሮቲኑ መጠን በደም ይለካል፤ ሰውነት በብግነት ላይ እያለ ግን መጠኑ ከፍ ስለሚል ጉድለቱን ሊሸፍነው ይችላል። ጥርጣሬው ከጠና የዘረመሉን ዓይነት ማሠራት ነው።

ቀሪዎቹን በጥቂቱ ልለፋቸው። ዊልሰን (መዳብ ማከማቸት) ጉበት ይጎዳል፣ ካንሰር ግን እምብዛም አያስከትልም። የመጀመሪያው ዓይነት ታይሮሲኔሚያ (ሰውነት ታይሮሲን የሚባለውን የፕሮቲን ክፍል ማፍረስ የሚያቅተው በሽታ) በሕፃንነት የሚታይና ካንሰር የማምጣት ኃይሉ ከባድ ሲሆን፣ ኒቲሲኖን የሚባለው መድኃኒት በጊዜ ሲጀመር ታሪኩን ይቀይረዋል። ድንገተኛ ፖርፊሪያ (ሂም የሚባለው የደም ክፍል አሠራር የሚዛባበት የዘር በሽታ) ያለባቸው ሰዎች ከ50 ዓመት ጀምሮ ሲሮሲስ ባይኖራቸውም በየ6 ወሩ የጉበት ክትትል እንዲያደርጉ ይመከራል። ይህችን የመጨረሻዋን ሐኪሞችም ይረሷታል።

ሦስተኛ ምርጫ፦ የብዙ ልዩነቶች ድምር ነጥብ

ብዙ ወሬ ያለው እዚህ ነው። ሳይንሱም በእውነት የሚደነቅ ነው፤ ለአንድ ጤነኛ ሰው የሚሰጠው ጥቅም ግን ገና ቀጭን ነው።

ዋናው ተዋናይ ፒኤንፒኤልኤ3 የሚባል ዘረመል ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ከጉበት ስብ ጋር መያያዙ ታወቀ። ጉበት ሴል ውስጥ ባሉ የስብ ጠብታዎች ላይ የሚቀመጥ ፕሮቲን ይሠራል። በፕሮቲኑ 148ኛ ቦታ ላይ አይሶሉሲን የሚባለው የፕሮቲን ጡብ መኖር ሲገባው ሜቲዮኒን የሚባለው ሲተካ፣ ፕሮቲኑ በጊዜው አይወገድም፤ ጠብታው ላይ ተከምሮ ስብ የሚያፈርሱትን ሌሎች ሠራተኞች መንገድ ይዘጋል። ስቡ ይቀመጣል፣ ጉበቱ ይቆስላል፣ ጠባሳ ይሆናል። ልዩነቱ ብርቅ አይደለም፦ በመጀመሪያው ጥናት ከተቆጠሩት ቅጂዎች በሂስፓኒኮች 49 በመቶው፣ በአውሮፓ ዝርያዎች 23 በመቶው፣ በጥቁር አሜሪካውያን 17 በመቶው ይህን ልዩነት የያዙ ነበሩ።

ሌሎቹ አጃቢዎቹ ናቸው። ቲኤም6ኤስኤፍ2 ላይ ያለው ልዩነት ስብ ከጉበት ወደ ደም እንዳይወጣ ያግዳል፤ ስለዚህ ጉበትን ሲጎዳ የደም ቅባትን ዝቅ አድርጎ ልብን ይጠቅማል። አንዱን ልዩነት «መጥፎ» ብሎ መጥራት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። በ2018 እ.ኤ.አ. የተዘገበው ኤችኤስዲ17ቢ13 ላይ ያለው ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ የያዙት ሰዎች ጉበታቸው በመጠጥም ሆነ በስብ ምክንያት ወደ ሲሮሲስ የመድረስ ዕድሉ ያንሳል። ኤምቦአት7ና ጂሲኬአር ትንሽ ትንሽ ይጨምራሉ። የድምር ነጥብ ማለት እነዚህን እንደየክብደታቸው ደምሮ አንድ ቁጥር ማውጣት ነው።

ታዲያ ቁጥሩ ምን ይነግራል? ስብ ባለበት ጉበት ላይ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ከፒኤንፒኤልኤ3 ልዩነት አንድ ቅጂ መያዝ የካንሰሩን ዕድል ከእጥፍ ትንሽ በላይ፣ ሁለት ቅጂ መያዝ 5 እጥፍ ገደማ ከፍ እንደሚያደርግ ታይቷል። «5 እጥፍ» ሲባል ያስደነግጣል። ከምን ላይ 5 እጥፍ እንደሆነ ይጠይቁ። ለስሌት ያህል፣ ጉበቱ ጤነኛ የሆነ ሰው በ10 ዓመት ውስጥ ያለው ዕድል ከ1000 አንድ ነው እንበል፤ 5 እጥፉ ከ1000 አምስት ነው፣ 995ቱ አይታመሙም። በሌላ በኩል ሲሮሲስ ያለበት ሰው በዓመት ከ100 ከ1 እስከ 4 የሚሆን ዕድል አለው። ስለዚህ ሲሮሲስ ያለበት ሰው ነጥቡ ዝቅ ቢል እንኳ፣ ነጥቡ ከፍ ካለ ጤነኛ ሰው እጅግ የበለጠ አደጋ ላይ ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ ልዩነቱ ራሱ ተጨማሪ ነገር ይፈልጋል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ሥራ እንዳሳየው የፒኤንፒኤልኤ3 ጉዳት በክብደት ይባባሳል፤ ቀጭን ሰው ላይ የሚያደርሰው ጥቂት፣ ከመጠን በላይ በወፈረ ሰው ላይ ግን ብዙ ነው። ነጥቡ ከፍ ቢል ሐኪሙ የሚልዎት «ክብደት ይቀንሱ፣ አልኮል ይተዉ፣ ስኳርዎን ይቆጣጠሩ» ነው። ነጥቡ ዝቅ ቢልስ? ያንኑ። በመለኪያዬ ሲታይ ይህ ምርመራ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ግን «ወረቀቱን ሳይ ነው የጨከንኩት» ቢለኝ አልከራከረውም፤ ለአንዳንዱ ቁጥር ጉልበት ይሰጣል። የሚያሰጋኝ ዝቅተኛ ነጥብ አይቶ ጠርሙሱን የሚከፍተው ነው።

ወደ ፊት ይጠቅማል ብዬ የምጠብቀው ጠባሳ የጀመራቸውን ሰዎች ለመለየት ነው፤ ከነሱ ማን በጥብቅ ይታይ፣ ማን ቀለል ይበል ለማለት። ሌላ ጥንቃቄም አለ፦ እነዚህ ነጥቦች የተሠሩባቸው ትልልቅ ጥናቶች በአብዛኛው በአውሮፓ ዝርያዎች ላይ የተካሄዱ ናቸው። ፒኤንፒኤልኤ3 በየትኛውም ሕዝብ ውስጥ ይሠራል፤ አጠቃላይ ነጥቡ ግን ከተሠራበት ሕዝብ ሲወጣ ትክክለኛነቱ ይቀንሳል። ሻጩ «ነጥቡ በማን ላይ ተፈተነ?» ሲባል መልስ ከሌለው ገንዘብዎን ይያዙ።

«የመርዝ ማጣሪያ ዘረመል» እያሉ ጂኤስቲኤም1ን የመሳሰሉትን የሚሸጡ ደግሞ አሉ። በነዚህ ላይ የተሠሩት ጥናቶች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ዓመታት አልፈዋል። እለፏቸው።

አራተኛና አምስተኛ፦ የምራቅ ኪትና ሰፊው ጥቅል

የምራቅ ኪት ዲኤንኤን ከዳር እስከ ዳር አያነብም፤ አስቀድሞ የተመረጡ ቦታዎችን ብቻ ያያል። ሲ282ዋይን ወይም ዜድን ካየ ጥሩ ነው፣ ያገኘው ግን በሕክምና ላብራቶሪ መረጋገጥ አለበት። ጥሬውን ፋይል አውርዶ ለሌላ ተርጓሚ ድረ ገጽ መስጠት ደግሞ የባሰ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ አነስተኛ ጥናት ከእንዲህ ዓይነት ጥሬ ፋይሎች የተገኙ ልዩነቶችን በላብራቶሪ ሲያረጋግጥ 40 በመቶው ስህተት ሆኖ አግኝቷቸዋል። ኪቱ ቫይረስ አይፈትሽም፤ «ተጋላጭነትዎ ዝቅተኛ ነው» የሚለው አረንጓዴ ገጽ ስለ ሄፓታይተስ ቢ አንዲት ቃል አይናገርም። ትልቁ አደጋው ይህ ይመስለኛል።

ሰፊው ጥቅል፣ ማለትም ብዙ ዘረመልን ወይም ፕሮቲን የሚሠራውን የዲኤንኤ ክፍል በሙሉ የሚያነበው፣ ቦታው ግልጽ ነው፦ ቫይረስ የለም፣ አልኮል የለም፣ የስብ ጉበት የለም፣ ብረቱም ልክ ነው፣ ጉበቱ ግን ታሟል። ምክንያቱ ያልታወቀ በሽታ ላይ በተለይ ወጣት ታማሚ ላይ መልስ ሊያመጣ ይችላል። ጤነኛ ሰው «ለማንኛውም» ብሎ ሲያሠራው ግን ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመለሰው «ትርጉሙ ያልታወቀ ልዩነት» የሚል ሐረግ ነው። ያ ሐረግ ክፉ ዜና አይደለም፣ በጎም አይደለም፤ እንቅልፍ ግን ይነሳል። ይህን የመረጠ ሰው ናሙና ከመስጠቱ በፊት የዘረመል አማካሪ ቢያነጋግር ይሻለዋል።

የግል መረጃ ጉዳይም አለ። ጉበት ሊታከም ይችላል፣ አንዴ የወጣ የዲኤንኤ ፋይል ግን አይመለስም፤ የወንድም የእህትዎንም ግማሽ ታሪክ ይዞ ነው የሚወጣው። የሕግ ከለላው እንደየአገሩ ነው። ለምሳሌ አሜሪካ በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ የጤና መድንንና ሥራን ይሸፍናል፤ የሕይወት መድንን ግን አይነካም።

ስድስተኛ፦ የታመመው ሰው ዕጢ ምርመራ

ታማሚው በሕይወት ካለ ይህ አማራጭ ይነሳል። የጉበት ሴል ካንሰር፣ በቁጥር ብዙ የሆነው ዓይነት፣ ሲሮሲስ ባለበት ሰው ላይ ብዙ ጊዜ በሲቲ ወይም በኤምአርአይ ብቻ ስለሚረጋገጥ የሥጋ ናሙና ላይኖር ይችላል። ቢኖርም የዕጢው ዘረመል ሕክምናውን የሚቀይርበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሐሞት ቱቦ ካንሰር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አይዲኤች1 ወይም ኤፍጂኤፍአር2 ላይ ለውጥ ከተገኘ ለዚያው የተሠራ መድኃኒት አለ። ስለዚህ ለሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄዎ «ከሁለቱ የትኛው ዓይነት ነው?» ይሁን። ለዘመዶቹ ከዕጢው ይልቅ የሚጠቅመው የታማሚው ደም ነው፦ ሄፓታይተስ ቢና ሲ ነበረበት? ፌሪቲኑ ስንት ነበር? የቀድሞ ወረቀቶቹን ከመጣልዎ በፊት ይህን ፈልጉ።

ለየሰዉ ሲታይ

ወላጅዎ ሄፓታይተስ ቢ እንደነበረበት ካወቁ ለዘረመል ምርመራ ገንዘብ አያውጡ። እርስዎና ወንድም እህቶችዎ ሁሉ ሦስቱን የቫይረስ ምርመራ ያሠሩ።

ወላጅዎ ሄሞክሮማቶሲስ ከነበረበት በቀጥታ ወደ ኤችኤፍኢ መሄድ ይችላሉ፤ እዚህ ላይ የብረቱን ምርመራና የዘረመሉን አብሮ ማሠራት ያስኬዳል። ሁለቱም ወላጆች አንድ አንድ ቅጂ ከያዙ እያንዳንዱ ልጅ ሁለቱንም የመውረስ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። አንድ ወንድም ነጻ ሆነ ማለት ሌላው ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ዕጣው ለየልጁ ለየብቻ ይወጣል።

ስብ ጉበት አለብዎት፣ ስኳር አለብዎት፣ ሐኪምዎ ደግሞ የድምር ነጥብ እንሥራ ካለ፣ መጀመሪያ ፊብ4ና ኢላስቶግራፊው መሠራታቸውን ይጠይቁ። ከተሠሩና ጠባሳ ከታየ ነጥቡ ለውይይት የሚጨምረው ነገር ሊኖር ይችላል። ካልተሠሩ እሱ ይቆይ።

የወላጅዎ ሕመም ምክንያት ጨርሶ ካልታወቀ ቫይረሶቹን፣ የጉበት ኤንዛይሙን ከፕላትሌት ጋር፣ ፌሪቲንና ሳቹሬሽኑን፣ አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ ይጀምሩ። እነዚህ ሁሉ ንጹሕ ከሆኑና ታማሚው በወጣትነቱ የሞተ ከሆነ ያን ጊዜ ስለ ሰፊው ጥቅል መነጋገር ይቻላል።

የልጆቹ ነገር እንደየምርመራው ይለያያል። የኤችኤፍኢ ልዩነት ጉዳቱ የሚታየው በአዋቂነት ስለሆነ ሕፃን ልጅን መመርመር አይመከርም፤ አድጎ ራሱ ይወስን። ፒኤንፒኤልኤ3ም ቢሆን ለልጅ የሚያስቸኩል አይደለም። የጉበት ካንሰሩ የታየው በራሱ በሕፃኑ ላይ ከሆነና ዓይነቱ ሄፓቶብላስቶማ ከተባለ ግን፣ ቤተሰቡ ውስጥ በአንጀት ፖሊፕ የሚታወቀው የኤፒሲ ዘረመል ለውጥ እንዳለ መፈተሹን ሐኪሙን ይጠይቁ። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም፤ እናትየው ቫይረሱ ካለባት የመጀመሪያው ክትባት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፣ የክትባቱ ዙር ካለቀ በኋላ፣ ሕፃኑ 9 ወር ከሞላው ጀምሮ፣ በደም ምርመራ መከላከያ ማፍራቱ ይታያል።